የሣር ማጨጃ ሞተርና ትንሹ አይሮፕላን

(ለአነስተኛ ሞተር ጥገና ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



እኔም እንደናንተ ሞተር መፍታትና መግጠም የተማርኩት በመጠለያ ጣቢያ ነው። ኋላም አሜሪካ ስገባ የአትክልት መሣሪያ በሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። የዛሬው ንግግሬ እዚያ ስላየሁት አንድ ሥራ ነው። በትከሻ እየተነገተ ሣር የሚታጨድበትን መሣሪያ ሞተር ፈትተው፣ በራዲዮ ለሚታዘዝ ትንሽ አይሮፕላን የሚያውሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስለ ሞተር ብዙ ያስተማረኝ ይህ ጨዋታ ነው።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ለሞዴል አይሮፕላን ተብለው የተሠሩት ትንንሽ ሞተሮች ባብዛኛው የሚጠቀሙት በሜታኖልና በዘይት ድብልቅ ነው። ብዙ ጊዜ ናይትሮሜቴን የሚባል ኬሚካልም ይጨመርበታል። ይህ ነዳጅ ውድ ነው። አይሮፕላኑ በተለቀ ቁጥር ፍጆታው ኪስ ይጎዳል። የማጨጃ ሞተር ግን በተራ ቤንዚንና በጥቂት ዘይት ይሠራል። እጀታው የተሰበረ ማጨጃ ደግሞ ብዙ ሰው አውጥቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ከ20 እስከ 40 ሲሲ የሚደርሱትን እነዚህን ሞተሮች፣ ክንፋቸው ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ሞዴሎች ላይ መግጠም የተለመደ ሆነ።

ወገኖቼ፣ ሞተር ከምን ጋር እንደ ታሰረ አያውቅም። ሣር ቢያጭድ፣ ውሃ ቢስብ፣ አይሮፕላን ቢጎትት፣ የሚፈልገው ያው ነዳጅና አየር፣ ብልጭታ፣ ማቀዝቀዣና ተመጣጣኝ ጭነት ነው። ስለዚህ ባለሞያው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ምን ይቅር? ምን ይውጣ? ምን ይጨመር?

የሚቀረው አንደኛ ካርቡራተሩ ነው። የመኪናና የሞተር ብስክሌት ካርቡራተር ባብዛኛው ነዳጁን የሚመጥነው በተንሳፋፊ ስለሆነ ሲገለበጥ ይታወካል። የማጨጃው ግን ነዳጁን የሚመጥነው በስስ ሽፋን፣ ማለትም በዲያፍራም ነው። አጫጁ መሣሪያውን ወደ ፈለገበት ስለሚያዘነብለው በማንኛውም አቅጣጫ እንዲሠራ ሆኖ ተሠርቷል። በአየር ላይ ለሚገለበጥ አይሮፕላን ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል? ሁለተኛው የሚቀረው በቮላኖው ላይ ያለው ማግኔትና ከጎኑ ያለው ኮይል ነው። ብልጭታውን ያለ ባትሪ የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

የሚወጣው ደግሞ ፍሪሲዮኑ፣ የማስነሻው ገመድና የፕላስቲክ ሽፋኑ ነው። ቮላኖው ላይ ያሉት የማራገቢያ ክንፎችም ተቆርጠው ክብደቱ ይቀነሳል። ማጨጃው ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት እነዚያ ክንፎች ናቸው። አይሮፕላን ላይ ግን ፕሮፔለሩ ራሱ አየር ይነፍስለታል። ልብ በሉ፤ ማቀዝቀዣውን የምናወጣው የሚተካው ስለ ተገኘ ብቻ ነው።

የሚጨመረው በቶርኖ የተቀረጸ የፕሮፔለር መያዣ፣ ሞተሩን ከአይሮፕላኑ ግንባር ጋር የሚያስር ጠንካራ ማቀፊያና ነዳጁን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰርቮ ነው። በካርቡራተሩና በሰርቮው መካከል የሚገባው ዘንግ ከብረት ይልቅ ከናይለን ቢሆን ይመረጣል። የካንዴላው ብልጭታ በብረቱ በኩል እየተላለፈ የራዲዮ መቀበያውን ሊያውክ ይችላልና። በተለይ የቀድሞዎቹ ራዲዮዎች በዚህ ይቸገሩ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ሞተር ስሠራ የቮላኖውን ክንፎች በችኮላ ቆረጥኩና ሚዛኑን ሳላይ ገጠምኩት። ሞተሩ ተነሣ፤ ግን እጅግ ይንቀጠቀጥ ነበር። ንዝረቱ የካርቡራተሩን ብሎኖች አላላቸው፤ ከዚያም ሞተሩ አየር እየሳበ ድምፁ ተለወጠ። ማጥፋት ሲገባኝ፣ በሚዞረው ፕሮፔለር ፊት ለፊት እጄን ዘርግቼ ላስተካክለው ሞከርኩ። የግራ እጄ ሌባ ጣት ጫፍ በዚያ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልሼ አልለቀምኩም።

ፕሮፔለሩ በደቂቃ ከ6,000 ጊዜ በላይ ሲዞር ዓይን አያየውም። ስለዚህ አይሮፕላኑን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፤ ማስተካከያውን ከኋላ ሆናችሁ አዙሩ፤ ማጥፊያው ሁልጊዜ በቅርብ ይሁን። ይህ ትእዛዝ ለአይሮፕላን ብቻ አይደለም። ቺንጋ ለሚያዞር የእህል ወፍጮም ሆነ ለውሃ መሳቢያ ያው ነው።

አይሮፕላኑን እዚህ አብርሩ እያልኩ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። ያለ ፈቃድ ማብረር በብዙ አገር ክልክል ነው። ከዚህም በላይ በመካከላችን የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ልጁን አቅፎ መደበቂያ የሚፈልግ ሰው አለ። ከምን እንደ ሸሸ ሁላችንም እናውቃለን። የእነዚህን ሰዎች እንቅልፍ ለጨዋታ ብለን አንነካም።

የምለምናችሁ ሌላ ነው። በየሱቁ በር የተጣለ ጄኔሬተር ስታዩ «ይህ ሞቷል» ብላችሁ አትለፉ። ፒስተኑ ይጨምቃል ወይ? ብልጭታ አለ ወይ? ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። የሞተው ኤሌክትሪክ አመንጪው ክፍል ብቻ ከሆነ ሞተሩ ሌላ ሥራ ይችላል። አዲሱን ጭነት ግን መርምሩ። የማጨጃ ዘንግ ይዞራል እንጂ ወደ ፊት አይጎተትም፤ ፕሮፔለር ግን ይጎትተዋል። ኩሺኔታው ይህን ካልቻለ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

እኛም ከነበርንበት ሥራ ተነቅለን የመጣን ነን። አስተማሪ የነበረው ውሃ ይቀዳል፤ ገበሬ የነበረው ራሽን ይጠብቃል። የተነቀለ ሁሉ ግን አልተሰበረም። በውስጣችሁ የሚሠራው ምን እንደ ሆነ እናንተ ታውቃላችሁና አውጥታችሁ አትጣሉት።

ጣቶቻችሁን ጠብቁ።