ለሚያርፍ መሬት የሚከፈል ኪራይ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። መንግሥት ገበሬውን መሬቱን እንዳያርስ ሊከፍለው ይገባልን? ጦም ያደረ መሬት የስንፍና ምልክት ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር ላደግን ሰዎች ጥያቄው እንግዳ ሊመስል ይችላል።

አስቀድመን የአሜሪካንን ልምድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአገሪቱ ሰፊ ሜዳዎች አፈር በአቧራ ማዕበል ተጠርጎ ከሄደ በኋላ፣ በ1935 የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ በ1985 የወጣው የምግብ ዋስትና ሕግ ዛሬ የምንነጋገርበትን የኪራይ ክፍያ አቋቋመ። አሠራሩ ግልጽ ነው። ባለመሬቱ በቀላሉ የሚሸረሸር ማሳውን ከእርሻ አውጥቶ ሣር ወይም ዛፍ ያለብሰዋል፤ መንግሥትም ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚዘልቅ ውል በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል፤ የተከላውንም ወጪ ይጋራዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በውሉ ሥር የነበረው መሬት ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋ ነበር። አፈሩ ረጋ፤ የዱር አዕዋፍም መጠለያ አገኙ። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን የእህል ዋጋ ሲንር፣ ውላቸው ካበቃ ባለመሬቶች ብዙዎቹ መሬቱን መልሰው አረሱት። ለዓመታት የተከፈለበት ሣር በአንድ ወቅት ተገለበጠ። ክፍያው ጊዜን ገዝቶ ነበር፤ ዘላቂነትን ግን አልገዛም።

«እነርሱ ባለርስት ናቸው፤ የእኛ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው» የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ቻይና ግን መሬት የግል ባልሆነበት ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተዳፋት ማሳቸውን ወደ ደን ለሚመልሱ አባወራዎች እህል፣ ገንዘብና ችግኝ ሰጥታለች። ስለዚህ ክፍያው የግድ የባለቤትነት ደብተር አይጠይቅም፤ የታመነ የይዞታ መብት ግን ይጠይቃል።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1970ዎቹ በልጅነቴ እርከን ሲሠራ አይቻለሁ። የጉልበቱ ዋጋ በስንዴና በዘይት ይከፈል ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ በብዙ ቦታ ገበሬው ያንኑ እርከን በገዛ እጁ አፈረሰው። አላዋቂ ስለነበረ አይደለም። እርከኑ ከጠባብ ማሳው ቀንሶበታል፤ የአይጥ መጠለያም ሆኖበታል፤ በማሳው ላይ ሲሠራም ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔትም በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በኩል ብዙ ቤተሰብ ደግፏል፤ የሚከፍለው ግን ለሠራተኛው ጉልበት እንጂ ማሳው ለሚያርፍበት ገበሬ አይደለም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የጉልበት ክፍያ ቁፋሮው ሲያልቅ ያልቃል፤ የተቆፈረውን የሚጠብቅ ግን የማሳው ባለይዞታ ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ሩቡን ቢያሳርፍ፣ የሚቀንሰው ከልጆቹ እንጀራ ነው። ከግድቡ ደለል፣ ከከተማው ጎርፍ የሚድነው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ተጠቃሚው ዝም ብሎ፣ ከፋዩ ድኻው ገበሬ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ መልሴ «አዎን፣ ይገባል» የሚል ነው፤ ነገር ግን በሁለት ግዴታዎች። ውሉ ከባለይዞታው ጋር በፈቃዱ ይፈረም። ክፍያው ሲያበቃ መሬቱ በምን እንደሚተዳደር፣ ለከብት መኖ ይሁን ለፍራፍሬ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውሉ ይጻፍ። ያለዚያ ከዓመታት በኋላ የምናገኘው ዳግመኛ የፈረሰ እርከን ይሆናል።