የልጅ ድህነት በምን ይለካል?

ሔለን፦ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡትን ሰነድ አይተኸዋል? ከ41 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ልጆች 36 ሚሊዮኑ ድሆች ናቸው ይላል።

ዳዊት፦ አዎ፤ ደግሞ የአባትየውን ገቢ አይደለም የለካው። ለትንሹ ምግቡን፣ ለትልቁ ትምህርቱን፣ ለሁሉም ውሃውን፣ ሽንት ቤቱንና ቤቱን ነው። ለየዕድሜው ከሚለኩ ስድስት ነገሮች ቢያንስ ሦስቱ ከጎደሉት ድሃ ተብሎ ተቆጠረ።

ሔለን፦ አባትየው በሬ ሸጦ ኪሱ ቢሞላም?

ዳዊት፦ ቢሞላም! ቀበሌው ውስጥ ንጹሕ ውሃ ከሌለ ብሩ ምን ያደርግለታል? የድሃ ልጆች ድርሻ በገጠር ከመቶ 94፣ በከተማ 42 የሆነው እኮ ለዚህ ነው።

ሔለን፦ ድሃ ቤተሰቦችን የሚደግፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራምስ? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።

ዳዊት፦ ብዙ ቤት ከረሃብ አውጥቷል፣ አይካድም። ግን የሚመርጠው ምግብ ያጠራቸውን ወረዳዎች ነው፤ የልጆቹ ጉድለት ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። በጀት ደልዳዮች ይህን ሰነድ ከፍተው ይዩልን።