በጅቡቲ የሚኖር ኢትዮጵያዊና የሰዓት አቈጣጠር

ምድር ባቡር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1917 አዲስ አበባን ከጅቡቲ ካገናኘ ወዲህ፣ በዚያች የወደብ ከተማ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ጠፍቶ አያውቅም። ሙቀቱንና ቋንቋውን ውሎ አድሮ ይለምደዋል፤ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ፀሐይ በሁለቱም አገር ከሞላ ጐደል አብራ ትወጣለች፤ ነገር ግን ኢትዮጵያዊው አንድ ሰዓት የሚለው በጅቡቲ መሥሪያ ቤት ሰባት ይባላል። «ነገ በስምንት ሰዓት ና» የተባለ አዲስ መጤ ከቀትር በኋላ ይደርሳል፤ ቀጠሮው ግን ማለዳ በሁለት ሰዓት ነበርና ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ያገኘዋል። ዕረፍቱም ዓርብ ነው፤ እሑድ ሥራ ይገባል፤ ቅዳሴ ለለመደ ሰው ይህ ከሰዓቱም ይብሳል። የቀኑን ነገር መምህር ሊያቃናው አይችልም። የሰዓቱን ግን፣ ተማሪው ገና ከክፍል ሳይወጣ፣ ሁለቱን አቈጣጠር በአንድ ሰሌዳ ሥሎ ቢያሳየው ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አይፈጅበትም።