አብሮ የሚሮጥ ሰው
ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



አካል ጉዳተኛ ስፖርተኛን የሚያሰናክለው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ጉዳቱ ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። እስቲ አገራችን በፓራሊምፒክ ያገኘቻቸውን ሜዳልያዎች እንመልከት።

ወንድዬ ፍቅሬ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን፣ ታምሩ ደምሴ በ2016 በሪዮ የብር ሜዳልያ አመጡ። ትዕግስት ገዛኸኝ በ2021 በቶኪዮ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ወርቅ አስገኘች፤ በ2024 በፓሪስም ደገመችው። በዚያው በፓሪስ ያየሽ ጌቴ ወርቅ፣ ይታያል ስለሺ ብር አገኙ። እነዚህ ሁሉ የተገኙት በ1,500 ሜትር ሩጫ ነው። ሯጮቹም ወይ የማየት ችግር ያለባቸው ወይ ክንዳቸው የተጎዳ ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር የተገኘ ሜዳልያ የለም። እግሩ የተጎዳ ኢትዮጵያዊ ወኔ አንሶት ይመስላችኋል? የውድድር ወንበር በብዙ ሺህ ዶላር ይገዛል፤ ሯጭ ግን በጫማና በመንገድ ይጀምራል።

ይህ ነገር ጅጅጋን በቀጥታ ይነካል። ከ1977–78ቱ ጦርነት ጀምሮ በዚህ አካባቢ የተቀበረ ፈንጂ የብዙ ሰው እግር ቆርጧል። በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ ወንበር የሚገፋ ወጣት አሸዋና ጭቃ ይይዘዋል። ባጃጅ እርሱን ቢጭን ወንበሩን መጫን ይቸግረዋል። ስለዚህ ሜዳ ሳይደርስ ይደክማል። የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ስንት ወንበር እንዳደልን በሪፖርት ስንጽፍ ስንቱ ዛሬ እንደሚሽከረከርም እንጻፍ። ወንበሩ ከሰውየው ቁመትና ወርድ ጋር ይስማማ፤ ትራስ ከሌለው ገላን ያቆስላል። ጎማው ሲፈነዳ የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ሊሠራው የሚችለውን ዓይነት እንምረጥ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል። (የእኛስ አዳራሽ ደረጃ ስንት ነው?)

የስም ጉዳይም አለ። ሶማሌዎች ሰውን በቅጽል ስም መጥራት ይወዳሉ፤ ዓይነ ስውሩ «ኢንዶሌ»፣ መስማት የተሳነው «ዴጎሌ» ይባላል። ሽማግሌው ስሙን ተሸክሞ ይስቃል፤ ስድብ ነው ብዬ አልፈርድም። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ይከብዳል፤ ኳስ ሜዳ ላይ ሲጠራበት ደግሞ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ ስለ መሪ ሯጭ ልናገር። ፈጽሞ የማያይ ሯጭ በውድድር ላይ ዓይኑ ተሸፍኖ ከሚያይ ሰው ጋር በአጭር ገመድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሮጣል። መሪው መጎተትም መግፋትም አይፈቀድለትም፤ መጨረሻው መስመር ላይም ሯጩ መቅደም አለበት። እርምጃቸው አንድ እንዲሆን በየቀኑ አብረው መለማመድ ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ ጎበዙ ሯጭ እዚህ ጅጅጋ ቢኖር፣ ንጋት ላይ ተነሥቶ አብሮት የሚሮጥ ማን ነው? ይህን በዶላር አንገዛውም። ወጣቶቻችን ግን እግር አላቸው።

ለሴት ልጅ ነገሩ ይጠብቃል። ቤተሰቧ ከወንድ ጋር ታስራ ስትሮጥ ማየት አይፈልግም፤ እናቷም ማን እንደሚያይባት ትጠይቃለች። ሴት መሪ ሯጭ፣ ሜዳው ጸጥ የሚልበት ሰዓት፣ የምትሸፋፈንበት ልብስ ከተገኙ ብዙ እናቶች ይፈቅዳሉ። አስቀድሞ ቡና ጠጥቶ ከእናቲቱ ጋር መነጋገር ነው።

ብሔራዊ ቡድን የሚመረጠው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው፤ የአውቶቡሱ ዋጋ ለሁለት ሰው ይታሰብ፤ ለሯጩና ለመሪው።

በየጉባኤያችሁ በሳምንት ሦስት ንጋት ሊሮጡ የሚችሉ ወንዶችና ሴቶች ስማቸውን ለፕሮጀክቱ ሠራተኛ ያስመዝግቡ።