ቀልቡ የማይሰበሰብ ልጅና መድኃኒቱ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በበዓል ቀን እንድናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ የሚያስደስት አይደለም። ነገር ግን ወላጆችና መምህራን በአንድነት ተቀምጠው የሚሰሙበት ቀን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ይህ ዕድል ሳያልፍ ልናገር ወደድሁ። ጉዳዩ በየክፍሉ ስለማይታጣው፥ ቀዥቃዣ ወይም ቀልበ ቢስ እያልን ስለምንጠራው ልጅ ነው።

ይህ ልጅ ተራውን አይጠብቅም፤ የጀመረውን አይጨርስም፤ ደብተሩን ይጥላል፤ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ልጅ ሁሉ አንዳንድ ቀን እንዲህ ይሆናል። ነገሩ ከዕድሜው በላይ ሲበዛ፥ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ በፊት ሲጀምር፥ ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ፥ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲታይና ኑሮውን ሲያውክ ግን ሐኪሞች ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ሕመም ይሉታል። ከአንጎል አሠራር ጋር የተያያዘ፥ ብዙ ጊዜም በዘር የሚተላለፍ ነው። እናቲቱ ስላላሳደገችው ወይም ሰው ስለ ረገመው የመጣ አይደለም።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልጅ አስቀድሞ የሚያገኘው መድኃኒት አርጩሜ ነው። ያ ካልረዳ አንዱ ወደ ጠበል፥ አንዱ ወደ ጸሎት ቤት፥ ሌላው ወደ ባሕል ሐኪም ይወስደዋል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ጸሎትን አላቃልልም፤ ለደከመች እናት ኃይል ሲሰጣት አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ወደ ነቀምቴ የመጡት የስዊድን ሚሲዮናውያን ራሳቸው ከጸሎቱ ጋር የሕክምናውንም ሥራ ይዘው ነበር። ቅጠልና ሥርን በሚመለከት፥ ለዚህ ሕመም እንደሚጠቅም የተረጋገጠ የለም፤ መጠኑ ሳይታወቅ ለሕፃን ማጠጣትም አደጋ አለው።

ከጠበሉም ከኪኒኑም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ልጁ በእርግጥ ተመርምሮአልን? ከወለጋ ከተሞች በአንዲቱ የማውቀው ልጅ ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደገመ። ሲጠሩት ዝም ስለሚል ይገረፍ ነበር። በመጨረሻ ጆሮው ሲታይ፥ ለብዙ ጊዜ ከሚፈሰው መግል የተነሣ መስማቱ ደክሞ ተገኘ። ለአፍታ ፍዝዝ ብሎ የሚመለስም ልጅ አለ፤ ይህ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ወለጋ እንቅርት የበዛበት አገር መሆኑንም ሁላችን እናውቃለን፤ የአዮዲን ማነስ የሚጎዳው አንገትን ብቻ ሳይሆን የሕፃኑንም አእምሮ ነው። የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በወለጋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕፃናት ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ በየወረዳው ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው፥ በር በተንኳኳ ቍጥር የሚደነግጥ ልጅ፥ ቀን ክፍል ውስጥ ቀልቡ ቢበተን ምን ይደንቃል? ይህን ልጅ ቀዥቃዣ ብሎ ከክፍል ማስወጣት ሁለተኛ ማፈናቀል ነው። የሚያስፈልገውም ሕክምና ሌላ ነው።

አሁን ወደ ኪኒኑ ልምጣ። ሜቲልፌኒዴት የተባለውን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1944 በስዊስ አገር በሲባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሊያንድሮ ፓኒዞን ቀመመው፤ ሪታሊን የሚለው የንግድ ስሙ ከሚስቱ ከሪታ ስም የወጣ ነው። የሚያነቃቃ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ልጁን ማረጋጋቱ ያስገርማል፤ ምክንያቱ አንጎል ትኩረትን የሚመራበትን ኃይል ማገዙ ነው። ተራው ኪኒን ከአራት ሰዓት ያህል በኋላ ኃይሉ ያልቃል። የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ሊቀንስ፥ የልብን ምት ሊያፈጥን ይችላል። ቁርስ ሳይበላ ለሚመጣ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ክብደቱ፥ ቁመቱና የደሙ ግፊት በየጊዜው መለካት አለበት።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የታተመ ጥናት 579 ልጆችን በአራት ክፍል መድቦ 14 ወር ተከታተለ። በጥንቃቄ የተሰጠው መድኃኒት ትኩረት ማጣትንና መቅበጥበጥን በመቀነስ፥ ለወላጆችና ለመምህራን ከሚሰጠው ሥልጠና ብቻ በልጦ ተገኘ። ሁለቱን በአንድነት ያገኙት ልጆች ግን ባነሰ መጠን ተጠቀሙ፤ ከወላጆቻቸውም ጋር ያላቸው ስምምነት ተሻሻለ። በሦስተኛው ዓመት ሲታዩ በአራቱ ክፍሎች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። እንግዲህ ኪኒኑን መርዝ ነው የሚሉትም፥ ሁሉን ይፈውሳል የሚሉትም ይህን ውጤት ቢያዩ መልካም ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ኮሚቴ ይህን መድኃኒት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲያስገባ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 ተጠይቆ አልተቀበለም። የድርጅቱ መመሪያ የወላጆችን ሥልጠና ያስቀድማል፤ ኪኒኑንም ከስድስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይመክርም፤ ከዚያ በላይ ላለውም ልዩ ሐኪም ሲያየው ነው። መድኃኒቱ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አይደለም። አዲስ አበባ ከነቀምቴ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደምቢ ዶሎ ወይም ከቤጊ ለሚነሣ ገበሬማ ጕዞው ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ምርመራውን ግን እዚሁ በነቀምቴ ሆስፒታሎች መጀመር ይቻላል።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ብዙ ነው። ልጁ ከፊት ይቀመጥ፤ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጠው፤ ሥራው ተከፋፍሎ ይቅረብለት፤ ሰሌዳ እንዲያጠፋ፥ ጠመኔ እንዲያመጣ ይላክ፤ መልካም ሲሠራ ወዲያው ይመስገን፤ በቤትም በጊዜ ይተኛ። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል የሚል መምህር እውነት አለው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ከእንዲህ ያሉ ልጆች ጋር በተራ ተቀምጠን ብናስጠና ሸክሙ ጥቂት ይቀላል።

አንድ ነገር ደግሞ መምህራንን እለምናለሁ። ሐኪም የልጁን ጠባይ በትምህርት ቤትም ማወቅ ይፈልጋል፤ ልጁ ግን በሐኪም ፊት ለሩብ ሰዓት ጭምት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ መቼና በምን ሥራ ላይ እንደሚቸገር ለሁለት ሳምንት በአንድ ወረቀት ጻፉለት። ወላጆቹ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ያንን ወረቀት ይያዙ።