የኮምፒዩተር ተማሪ ሥራ በምን ይመዘን?



የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽም አንድ የዌብ ሥራ አዘጋጅቶ በመምህራን ፊት ያቀርባል። ገጹ ያማረ፣ ሲነኩትም የሚታዘዝ ከሆነ ይጨበጨብለታል፤ ማርኩም ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ከላይ የታየ ነው፤ በውስጡ ያለውን ኮድ ሳያነብ የሚፈርድ መምህር ጥቂት አይደለም። አባቶች «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራም ይስማማል።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ ለትምህርት ቤት የተማሪዎች መመዝገቢያ ይሠራል እንበል። የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓ ቀን የሚመልሰውን ስሌት በአንድ ስፍራ ጽፎ ከየገጹ እንደ መጥራት በአምስት ገጾች ላይ ይገለብጠዋል። ወሮቹንም 12 ብቻ አድርጎ ይጽፋል። ፈተናው በሰኔ ስለ ሆነ ጉድለቱን የሚያይ የለም። የምዝገባው ወራት ሲደርስ ግን በጳጉሜን 3 ቀን ልጁን ይዞ የመጣ ወላጅ «ቀኑ ስሕተት ነው» ተብሎ ይመለሳል። ስሕተቱም በአንዱ ገጽ ሲታረም በአራቱ ተደብቆ ይቀራል።

ስምም እንደዚሁ ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለሰው አንድ ስም ናቸው፤ ኮምፒዩተር ግን ፊደሎቹን ለየብቻ ስለሚቈጥር አስቀድሞ ካልታሰበበት ተማሪዋ ተፈልጋ አትገኝም።

ከዚህ የሚብስም አለ። በስም ሣጥን ውስጥ የተጻፈው ቃል ለዳታቤዙ ከሚሰጠው ትእዛዝ ጋር በቀጥታ ከተቀጠለ፣ ተንኰለኛ ሰው በስም ፈንታ ትእዛዝ ጽፎ የሁሉን ውጤት ሊያይ ወይም ሊያጠፋ ይችላል። ይህ አደጋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱም ትእዛዝንና መረጃን ለያይቶ መላክ ነው። ሆኖም እስከ ዛሬ በተማሪዎች ሥራ ውስጥ ይገኛል።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ተማሪ በሚመዘንበት ነገር ይተጋል፤ ፈተናው ገጹን ብቻ ከጠየቀ ገጹን ብቻ ያሳምራል። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቃል በቃል አድምጦ ያርማል። ኮድም እንዲሁ ይነገር፤ ተማሪው በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት እያነበበ ለምን እንዲህ እንደ ጻፈ ያስረዳ፤ ከማርኩም ከፊሉ ለዚህ ይሰጥ።

የተማሪው ቍጥር ብዙ ስለ ሆነ ሁሉን ማንበብ አይቻልም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከየሥራው አንዲት ገጽ መርጦ ማንበብ ይቻላል። የትኛዋ እንደምትነበብ አስቀድሞ ካላወቀ ተማሪው ሁሉንም አጥርቶ ይጽፋል።

የዛሬው ተማሪ ነገ የሆስፒታልና የባንክ መዝገብ የሚሠራ ሰው ነው። በትምህርት ቤት ሳይታረም ያለፈው ስሕተት በዚያ የሰው ሕይወትና ሀብት ያስከፍላል፤ ለማረምም ከመምህሩ ፊት የቀረበ ዘመን አይገኝለትም።