ዓይነ ስውራንና የድምፅ ቀረጻ ሥራ
(በመንደር 8 ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን፣ ማየት የተሳነው ሰው የቀረጸውን ድምፅ የሌላ ሰው ዓይን ሳይዋስ፣ በኪቦርድ ብቻ እንዴት ቆርጦና አስተካክሎ ለሰሚ እንደሚያበቃ ነው።

ከመካከላችሁ “ይህ ለስደተኛ ምን ይረባዋል? ከዱቄትና ከውኃ ይቀድማል ወይ?” የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ስለ ዱቄቱና ስለ ውኃው የሚወጣው ማስታወቂያ በወረቀት ተጽፎ ሲለጠፍ፣ እኛ የምናውቀው ሰው ሲያነብልን ነው። አንባቢ ባጣንበት ቀን ተራችን ያልፋል። ለቤተሰብ የሚላክ መልእክትም እንዲሁ ነው። ቀደም ሲል ወገኖቻችን ናፍቆታቸውንና ችግራቸውን በካሴት እየቀረጹ ይላላኩ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ይላካል። ዓይነ ስውሩ ከመልእክቱ ውስጥ ሊያስወጣው የፈለገው ቃል ቢኖር ሰው ለምኖ ያስቆርጣል። በዚህን ጊዜ የቤቱ ገበና ለሦስተኛ ሰው ይገለጣል። ስለሆነም ጉዳዩ የመረጃና የምስጢር ጉዳይ ነው።

ለዚህ ሥራ ሁለት ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ኤንቪዲኤ ይባላል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ ነው። ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ እንደ እርሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጓደኛው ጄምስ ቴ አብሮት አሳድጎታል። ሁለተኛው ኦዳሲቲ ሲሆን ድምፅ የሚቀረጽበትና የሚታረምበት ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ በመሆናቸው በፍላሽ ተገልብጠው ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ጣቶቻችንን በኪቦርዱ ላይ እናስቀምጣለን። በኤፍና በጄ ቁልፎች ላይ ለጣት የሚሰማ ትንሽ ጉብታ ስላለ ሌሎቹን ከእነርሱ ተነሥተን እናገኛለን። ኦዳሲቲ ከተከፈተ በኋላ አር ስንጫን ቀረጻው ይጀምራል፤ ረጅሙን የስፔስ ቁልፍ ስንጫን ይቆማል፤ እንደገና ስንጫነው የተቀረጸው ይሰማል። እያዳመጥን የግራ ቀስት ስንጫን አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ፣ የቀኝ ቀስት ስንጫን አንድ ሰከንድ ወደ ፊት ይሄድልናል።

ለምሳሌ በቀረጻው መካከል አህያ ጮኸ እንበል። ድምፁ እየተሰማ ጩኸቱ ሊጀምር ሲል ከፒ ቁልፍ በስተቀኝ የሚገኘውን የመጀመሪያ ቁልፍ እንጫናለን፤ ጩኸቱ ሲያበቃ ደግሞ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን። በዚህም የሚቆረጠው ክፍል መነሻና መድረሻ ተለየ ማለት ነው። ከመቁረጣችን በፊት ድምፁን አቁመን ሲ ብንጫን፣ ያ ክፍል ቢወጣ ከፊቱና ከኋላው ያለው ንግግር እንዴት እንደሚገጥም ያሰማናል። ካማረን ዲሊት እንጫናለን፤ የማይገባ ከቆረጥን ኮንትሮልና ዜድ በአንድነት ሲጫኑ የተቆረጠው ይመለሳል። ዓይን ያለው ሰው በመስመሩ ቅርጽ የሚፈልገውን እኛ በትንፋሽና በዝምታ እናገኘዋለን። ተናጋሪው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ የተቆረጠ ንግግር ስፌቱ አይታወቅም።

ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስንቀርጽ የጆሮ ማዳመጫ ካላደረግን የኤንቪዲኤ ድምፅ በማይክሮፎኑ ገብቶ ከእኛ ንግግር ጋር ይቀረጻል። ሁለተኛ፣ በዚህ አገር ኮምፒዩተሮች ብዙ ጊዜ ኪቦርዳቸው በዐረብኛ ላይ ስለሚሆን የጠቀስናቸው ቁልፎች አይታዘዙም፤ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ በግራ በኩል ያሉትን አልትና ሺፍት በአንድነት መጫን ነው። ሦስተኛ፣ መብራት በሶላርና በባትሪ በሚገኝበት ቦታ ሥራው ሳይቀመጥ ኮምፒዩተሩ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ ኮንትሮልና ኤስ እንጫን። በመጨረሻም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢ በአንድነት ሲጫኑ ሥራው በስልክ ሊላክ በሚችል መልክ ይወጣል።

ወላጆች ሆይ፤ ዓይነ ስውር ልጅ ያላችሁ ከቤት አታስቀሩት። ከአማራ አካባቢ የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሥራቷም እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ለእርሷ የተከፈተ በር ለእኛም ልጆች ሊከፈት ይገባል።

ይህ የምጽዋት ጥያቄ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቋል፤ ሱዳን በ2009፣ ኢትዮጵያ በ2010 ተቀብለውታል። አንቀጽ 11 በጦርነትና በአደጋ ጊዜ አካል ጉዳተኞች ጥበቃ እንዲደረግላቸው ያዛል። እዚህ የተሰበሰብነው ከጦርነት ሸሽተን የመጣን ነን፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ያስጠለለችን ሱዳንም በጦርነት ውስጥ ገባች። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬን በሰዓቱ መስማት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ አንድ ኮምፒዩተርና ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ይሰጠን። ማስታወቂያም በወረቀት ከመለጠፉ በፊት ይነገረን፤ እኛ በአማርኛና በትግርኛ ቀርጸን፣ አርመን፣ በድምፅ ማጉያ እናሰማለን። ያን ጊዜ ማንበብ ያልተማሩ እናቶቻችንም ከእኛ እኩል ይሰማሉ። እስከ ዛሬ ለእኛ ስታነብቡልን ኖራችኋል፤ አሁን ደግሞ እኛ እንድናሰማችሁ ፍቀዱልን።